ውሃ ያልወጣበት ጉድጓድ

ከታሪክ ማኅበሩ ለምን ወጣሽ የሚለኝ ሰው በዛ። ጨርቅ ሊገዛ ሱቄ የሚገባው ሁሉ ሜትር ከማስለካቱ በፊት ይህንኑ ይጠይቀኛል። ታመሽ ነው? ተጣልታችሁ ነው? ሊቀመንበርነቱን ፈልገሽ ነፍገውሽ ነው? ኤዲያ፣ የምን ሊቀመንበርነት። ቀፎኝ ነው የወጣሁት። ምግብ ውስጥ ፀጉር ያገኘ ሰው የሚቀፈው ዓይነት አይደለም፤ ያንንማ ተፍተውት ይረሱታል። የኔው፣ ሱቅ ቁጭ ብዬ ከደንበኛ ጋር እያወራሁ ድንገት ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ አንዴ ከሥር ከመሠረቱ ልናገረውና ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቀኝ።

አስማ ኢብራሂም እባላለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አረብ ሰፈር፣ አባቴ ሐጂ ኢብራሂም በሠራው ግቢ ተወልጄ እዚያው አለሁ፤ ፊት ለፊት ሱቁ፣ ከኋላ ቤቱ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከእናቴ ከዘይነብ ጋር ሁለታችን ነን የምንኖረው።

ማኅበራችን የነባር ነዋሪዎች የታሪክ ማኅበር ይባላል። ከአንድ የተዘጋ መድኃኒት ቤት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ይዘን ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። ሥራው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ሽማግሌ እያፈላለግን ድምፁን በስልክ እንቀዳለን፤ የቆየ ፎቶ ለምነን ስካን እናደርጋለን፤ ሰፈሩ ስሙን ከየት እንዳገኘ፣ ማን የት ሱቅ እንደከፈተ፣ ሐይቁ ድሮ እስከ የት ይመጣ እንደነበር እንጽፋለን። በየዓመቱ በፍቼ በዓል ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲጥለቀለቅ፣ በዓሉ ከሚከበርበት ከጉዱማሌ የሚመለሰው ሕዝብ ጎራ እያለ እንዲያይ አንድ አዳራሽ ይዘን ፎቶዎቹን እንሰቅላለን። ሊቀመንበሩ ግዛቸው ነው፤ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ሲናገር ሆዱን የሚደባብስ ሰውዬ። ከየፎቶው ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው በርናባስ ነው፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ።

አንድ ደንብ አለን። ማንኛውም ነገር ሦስት ሰው ከመሰከረለት ታሪክ ነው፤ ካልመሰከረለት ወሬ ነው። ሲሰሙት እንዴት ያምራል! ደንቡ ሲወጣ ድሮውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። አሁን አብዛኞቹ አልቀዋል። ታዲያ ምስክሮቹ እነማን የሆንን ይመስላችኋል? እኛው ነን። የግዛቸው አባት በከተማው የመጀመሪያውን ዳቦ ቤት የከፈቱ ተብሎ ተመዝግቧል። ሰውዬው ዱቄት ተሸካሚ ነበሩ። እናቴ ታውቃቸዋለች፤ ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ ሆነው ነበር የሚውሉት። ዱቄት መሸከም ምን ነውር አለው? ለልጃቸው ግን ነውር መሰለው። የበርናባስ አባት ደግሞ የመጀመሪያው መምህር ተብለዋል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ፤ ደወል ይደውሉ ነበር። ለሁለቱም ፈርሜያለሁ። እነሱም ለኔ አባት ፈረሙ። እከክልኝ ልከክልህ ነው። ደግሞ እየሳቅን ነበር የምንፈርመው፣ አስተግፊሩላህ።

የኔ አባት ታሪክ ግን እውነት ነው ብዬ አምን ነበር። ከሱቃችን ፊት ያለው ጉድጓድ የሐጂ ጉድጓድ ይባላል። ቧንቧ እስኪገባ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ከሱ ነው የጠጣው፤ አባቴ ሙስሊም ክርስቲያን፣ ሀብታም ድሃ ብሎ ማንንም ከልክሎ አያውቅም። ዘንድሮ የእምነበረድ ሰሌዳ ልናቆምለት ወሰንን። ለኤግዚቢሽኑም ፎቶ ስንፈልግ ከእናቴ ሣጥን አንድ አገኘሁ። አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከጉድጓድ አፍ አጠገብ ቆሟል። ከሱ ራቅ ብሎ ጫፉ ላይ እስከ ወገቡ ራቁቱን የሆነ፣ አካፋ የያዘ ሰው ቆሟል። እናቴ ፎቶውን ስታይብኝ፣ እሱን ተዪው፣ ሌላ ውሰጂ አለችኝ። ሰው ሲያረጅ በዕቃው ይሰስታል ብዬ ዝም ብዬ ወሰድኩት። ትልቅ ባነር ላይ አሳተምነው። በርናባስ ከሥሩ «ሐጂ ኢብራሂም ለሰፈሩ ሕዝብ የመጀመሪያውን የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ፣ 1957 ዓ.ም.» ብሎ ጻፈበት። ባለ አካፋውን ማንም ልብ አላለውም። እኔም አላልኩትም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ዝናብ ጣለ፤ አዳራሹ ባዶ ነበር። አንዲት አሮጊት ኮንጎ ጫማቸው ውሃ እንዳዘለ ገቡና ቀጥ ብለው የኛ ባነር ፊት ቆሙ። ሰላሳ ደቂቃ ቆሙ፣ አርባ ደቂቃ ቆሙ። ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ፤ ጠብሰው ነው የሚሸጡት። ግዛቸው በያዘው ወረቀት አፍንጫው ስር እያራገበ በዓይኑ አስወጪያቸው አለኝ። ስንት ዓመት አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በእጁ የበላ ሰውዬ ዓሣ ጠባሿ ሸተተችው። ሄጄ ምን ልርዳዎት አልኳቸው።

«ይሄ አባቴ ነው» አሉኝ።

የኔን አባት ያሉ መስሎኝ ተደናገጥኩ። ጣታቸውን ጫፉ ላይ፣ ባለ አካፋው ደረት ላይ አሳረፉ። ስሙ ደበሌ ነው አሉ። የግራ ጆሮውን ጫፍ ተመልከቱ፣ በልጅነቱ ውሻ ነክሶት ተቆርጧል አሉ። ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነትም የለም።

ስማቸው ሽታዬ ነው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ይበልጡኛል፣ ግን እርስዎ ነበር የሚሉኝ። ወንበር ሰጥቻቸው አጫወቱኝ። አባታቸው ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር ሚስቱንና አንድ ልጁን ይዞ ሥራ ፍለጋ መጣ። ከከተማው ወጣ ብለው ቡሹሎ ጎጆ ተከራዩ። ጉድጓድ መቆፈር ያውቅ ስለነበር ከተማ ውስጥ አንድ ባለ ሱቅ ቀጠረው፤ ሰኞ ማለዳ ይሄድና ቅዳሜ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ሳይመለስ ቀረ። እናታቸው እሳቸውን በእጇ ይዛ ሱቁ ድረስ ሄደች። ባለ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ሥራዬን ሳይጨርስ ጥሎኝ ሄደ፣ አዋሽ ጥጥ ለቀማ እሄዳለሁ ሲል ሰምቼዋለሁ አላት። እሳቸው ያን ጊዜ ሰባት ዓመታቸው ነው። የባለ ሱቁ ፊት ጠፍቶባቸዋል። ከጀርባው አረንጓዴ መጋረጃ እንደነበር፣ ከመጋረጃው ሥር የሴት እግር እንዳዩ ግን አይረሱትም።

እናታቸው ሳታገባ እዚያው ቡሹሎ ሰው እርሻ ላይ እየሠራች ጠበቀችው። ሰው ሁሉ ባልሽ ሌላ አግብቶ ወልዶ ከብዷል ይላታል። እሷ ደበሌ ጥሎኝ የሚሄድ ሰው አይደለም ትላለች። እትዬ ሽታዬ ሊዳሩ ሲሉ የሙሽራው ሽማግሌዎች አባትሽስ ቢሏቸው ሞቷል አሉ፤ እናታቸው በሽማግሌ ፊት በጥፊ መታቻቸው። ለቅሶ ያልተቀመጥንለትን ሰው እንዴት ሞተ ትያለሽ ብላ። እናትየውም ሳታውቅ ሞተች።

«እናንተ የድሮውን የምታውቁ ናችሁ» አሉኝ። «ቁርጡን ልወቅ። ሞቶ ከሆነ ለቅሶ ልቀመጥለት። ጥሎን ሄዶም ከሆነ እናቴ መቃብር ላይ ሄጄ፣ ሞኝ ነበርሽ ልበላት።»

ግዛቸው ከሩቅ ሆኖ፣ የጠፋ ሰው የሚፈለገው ፖሊስ ጣቢያ ነው አለ። እኔ የሐጂ ልጅ ነኝ፣ እናቴ በሕይወት አለች፣ ጠይቄ አሳውቅዎታለሁ አልኳቸው። እጄን ይዘው ሳሙት። ወደ ኋላ ልስበው ስል አልለቁትም።

ቤት ስደርስ እናቴ የአስር ሰላቷን ጨርሳ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፎቶውን ሰጠኋትና ደበሌ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ አልኳት። ዓይኗ ላይ አስጠግታ አየችው።

«ይሄ እኮ ያኛው ጉድጓድ ነው» አለችኝ። «ውሃ ያልወጣበት።»

ያኛው የሚባል ሌላ ጉድጓድ እንዳለ ሰምቼ አላውቅም። የቱ ነው ያኛው? እናቴ ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋም አእምሮዋም ደህና ነው። ፎቶውን ጭኗ ላይ ደፍታ ነገረችኝ። አባቴ መጀመሪያ ያስቆፈረው ከፊት ሳይሆን ከጓሮ ነው። የኛ መሬት አሸዋ ነው፤ ጠለቅ ሲባል ግድግዳውን በጣውላ መደገፍ ያስፈልጋል። ደበሌም ጣውላ ይምጣ ብሎ ጠይቋል። አባቴ ውሃው ቀርቧል፣ ለሁለት ቀን ጣውላ ምን ያደርጋል አለው። ሐሙስ ጠዋት ተደረመሰ። ደበሌ ከሥር ነበር። ሁለት ሠራተኞች እስከ ማታ ጫሩ፤ በጫሩ ቁጥር ይናዳል። በማግስቱ የሚገባ ሰው ጠፋ። አባቴ ከዘመዶቹ ደም ይፈለግብኛል ብሎ ፈራ። ሁለቱን ሠራተኞች ከተማውን እንዲለቁ አደረገ። የደበሌ ሚስት ልጇን ይዛ ስትመጣ በር ላይ ቆሞ ጥሎኝ ሄደ አላት።

«አንቺስ?» አልኳት።

«መጋረጃው ጋ ነበርኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ምን ልበል?»

አባቴን ታውቁታላችሁ። ሰፈር ውስጥ ጀናዛ አምልጦት የማያውቅ ሰው ነው። የማያውቀውን መንገደኛ እንኳ ከፈን ገዝቶ፣ አሳጥቦ፣ አሰግዶ አስቀብሯል። ለሞተ ሰው ምን እንደሚደረግ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ይሄን እያሰብኩ፣ ከዚያስ አልኳት፣ ጉድጓዱን ደፈናችሁት? እናቴ፣ ከሥር ነው እንጂ ከላይ ያለው አልተደረመሰም፣ ክፍት ነበር አለችኝ።

«አባትሽ ቁጠባ ያውቃል» አለች። «የተቆፈረ ጉድጓድ ምን ይባክናል አለ።»

አገጯን ወደ ጓሮ አነሳች። ጓሯችን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሽንት ቤታችን።

ገባችሁ? ስልሳ ዓመት። ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ ሲሚንቶው ታድሷል፣ ባሌ በሕይወት ሳለ ሴራሚክ አስነጥፎበታል፤ ጉድጓዱ ግን ያው ነው። ሲሞላ መምጠጫ መኪና እየጠራን እናስመጥጣለን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ወንድሞቼ፣ ልጆቼ፣ በሠርጋችን በለቅሷችን በኢዱ የመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ሱቅ ገብቶ የቸኮለ ደንበኛ ሁሉ። ሰው ላይ። ሚስቱና ልጁ ቡሹሎ ቁጭ ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ የሚያዩለት ሰው ላይ። ተነስቼ ወጣሁ። እግሬ ልማዱ ሆኖ ወደዚያው ሊወስደኝ ሲል ደነገጥኩና ቦይ ላይ አስመለሰኝ።

ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ለግዛቸውና ለበርናባስ ነገርኳቸው። አንድ ነገር ሳላስቀር ነው የነገርኳቸው፤ ሽንት ቤቱንም ጭምር። ግዛቸው ፊቱን አጨማዶ፣ ኤጭ፣ ባልነገርሽን ጥሩ ነበር አለኝ። ስለ ሟቹ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መጀመሪያ የጠየቀኝ የእምነበረዱ ሰሌዳ ተቀርጿል ወይስ ገና ነው ብሎ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ምስክርሽ ማን ነው አለ። እናቴ ናት አልኩት። አንድ ሰው ናት፣ ደንቡ ሦስት ይላል አለኝ። ይሄንን የሚለኝ ዱቄት ተሸካሚ አባቱን ባለ ዳቦ ቤት ያደረገው ሰውዬ ነው! ያውም በኔ ፊርማ።

በርናባስ ለስለስ ብሎ ነው የመጣው። የአባትሽን ስም ለመጠበቅ ነው አስማ፣ እኛ ላንቺ ብለን ነው አለኝ። አንዱን ነገር ከነካን ሰው ሌላውንም ካልነካችሁ ይለናል፣ ማን መምህር ነበር፣ ማን ዳቦ ጋጋሪ ነበር ሊባል ነው አለ። ይሄን ሲል ዓይኔን አላየም። ግዛቸው ሆዱን እየደባበሰ ጨረሰው።

«የቆጡን አወርድ ስትዪ የብብትሽን እንዳትጥዪ» አለኝ።

ሁለቱም አስጠሉኝ። ልብሳቸው፣ ሳላቸው፣ ሻይ ሲጠጡ የሚያሰሙት ድምፅ ሁሉ አስጠላኝ። ግን ከነሱ ይልቅ የሚቀፈኝን ልንገራችሁ። ደንቡ አይፈቅድም ሲሉኝ ደስ አለኝ። እፎይ አልኩ። ልነግራቸው ስሄድ እኮ በልቤ፣ እምቢ ባሉኝ እያልኩ ነበር የሄድኩት። የእውነት ሰው ብሆን መጀመሪያ የምነግራቸው እትዬ ሽታዬን ነበር፤ ቡሹሎ ሩቅ አይደለም፣ ባጃጅ ነው። እኔ ግን ኮሚቴ ሰበሰብኩ። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ለሳቸውም ደብዳቤ አዘጋጀሁ፦ «አመልካች ያቀረቡት ጥያቄ በሦስት ምስክር ያልተረጋገጠ በመሆኑ ማኅበራችን ለመመዝገብ የሚቸገር መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።» ማኅተም መታሁበት። ወላሂ፣ ማኅተሙ ፈዘዝ ብሎ ስለወጣ ደግሜ መታሁት።

ኤግዚቢሽኑ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው አዳራሹ ስገባ ባነሩ ላይ ደበሌ የለም። ጫፉን ወደ ኋላ አጥፈው በፕላስተር ለጥፈውታል። አባቴ ብቻውን ቆሟል። በጎብኚዎች ፊት የታጠፈውን ጫፍ እያየሁ አለፍኩ።

እትዬ ሽታዬ ለደብዳቤው ቢሮ አልመጡም። በተነጋገርን በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ አድራሻዬን ጠይቀው ሱቄ መጡ። ሁለት ኪሎ የዓሣ ፊሌቶ በፌስታል ቋጥረው ይዘውልኛል፤ ለድካምዎ ነው አሉኝ። ከሱቁ በር ላይ ያለውን የሐጂን ጉድጓድ አዩት። ክዳኑ ላይ እጃቸውን አስቀመጡ፣ የድንጋዩን ዙሪያ ዳበሱት።

«ይሄ ነው አባቴ የቆፈረው?» አሉኝ።

አዎ አልኩ። አያችሁ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከአፌ ሾልኮ ወጣ። እሳቸውም፣ ሥራው እንኳ ቀርቷል፣ ስንቱን አጠጥቷል አሉና ድንጋዩን ሳሙት። ዓይኔን የማደርግበት አጥቼ ወደ ቤት ይግቡ አልኳቸው።

ደብዳቤውን ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው። ለመመዝገብ የሚቸገር መሆኑን የሚለው ጋ ስደርስ፣ አልተገኘም ማለት ነው አይደል አሉኝ። አልተገኘም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልሳ ዓመት ያልተገኘ ነገር እንዴት በሁለት ሳምንት ይገኛል አሉ፤ እኔን ሊያጽናኑ። ደብዳቤውን ባለ ማኅተም ስለሆነ አራት ቦታ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። እናቴ ከመኝታ ቤቷ አልወጣችም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እንደምትሰማ አውቃለሁ።

ለመሄድ ተነሱና አንዴ ዘወር ዘወር አሉ። ሽንት ቤታችሁ በየት በኩል ነው፣ ይሄ ባጃጅ ከቡሹሎ ድረስ ሲያንገጫግጨኝ ነው የመጣው አሉኝ። መልስ እስክሰጥ አልጠበቁም። ሰው ቤት ውስጥ ምን ይጠፋል፤ በጓሮ በር ወጥተው ቆርቆሮ በሩን አዩና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሄዱ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሮጬ በሩ ላይ በጀርባዬ ተለጠፍኩ።

«እዚህ አይገቡም» አልኳቸው።

«ምነው፣ ተበላሽቷል?»

ተበላሽቷል ብል ይበቃ ነበር። ጎረቤት ልውሰድዎት ብል ይበቃ ነበር። ልለውም አፌን ከፍቻለሁ። ፊታቸውን ሳይ ግን፣ ያ የግራ ጆሮው የተቆረጠው ሰው ፊት ቁጭ ብሎበታል፤ ሌላ ቃል አልወጣልኝ አለ።

«አባትዎ እዚህ ነው ያለው» አልኳቸው። «ጉድጓዱ ተደርምሶበት ነው። ማውጣት አልቻሉም። አባቴ ለእናትዎ ዋሽቷል።»

ይረግሙኛል ብዬ ነበር። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ነበር፤ ቢሉኝም ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ቆርቆሮውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ቆርቆሮውን አዩ።

«አልሄደም ማለት ነው?» አሉ። «ጥሎን አልሄደም?»

«አልሄደም።»

ወላሂ ፊታቸው በራ። እናቴ ልክ ነበረች፣ እናቴ ልክ ነበረች አሉ ሁለቴ። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው አዘቀዘቁና ለበሱ። ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁ፣ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ ማልቀስ ጀመሩ። አባዬ ይላሉ። የሰባት ዓመት ልጅ አባቷን እንደምትጠራው ነበር የሚጠሩት። ጎረቤት በአጥር ብቅ ብቅ አለ። እናቴ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ በግድግዳው ጥግ ቆማ እንደነበር ያየሁት በኋላ ነው። እኔ በሩን ለቅቄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሽታው ይመጣል። በየቀኑ የምናሸተው ሽታ ነው፤ እንደዚያን ቀን ግን ሸቶኝ አያውቅም።

ብዙ ቆይተው ፀጥ አሉ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከበሩ ሥር ያለውን፣ ጠዋት ተጠቅሜ ያስቀመጥኩትን ማንቆርቆሪያ ሲያዩት አየኋቸው። አፉ ላይ ገና ውሃ ይንጠባጠባል።

«ይሄን መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አሉኝ።

«ሁለት ሳምንቴ ነው።»

«ሁለት ሳምንቱንስ የት ነበር የምትሄዱት?»

«ሦስት ቀን ጎረቤት ሄድኩ» አልኳቸው። «በአራተኛው ቀን ዝናብ ነበር።»